ታይሮይድ ከወጣ በኋላ፦ ኪኒኗን ብቻዋን የመዋጥ ነገር

ይሄን እምጽፈው እንቅርት ወይ ሌላ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ ማለት ነው) ችግር ኖሮባችሁ ዕጢው በኦፕራሲዮን ለወጣላችሁ፣ "ከዚ በኋላ ዕድሜ ልክ ኪኒን ነው" ተብላችሁ ወረቀት ይዛችሁ ቤት ለገባችሁ ነው። ጎንደር ነው የምኖረው፣ አራዳ ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሰርጀሪውን ካደረግኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፣ በመሀል አርግዤ ወልጃለሁ፣ ኪኒን ከገበያ የጠፋበትንም ጊዜ አይቻለሁ፣ እና ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ነው እዚ የማወራው። ዶዜን አልነግራችሁም። የኔ ዶዝ ለናንተ አይሆንም፣ ለምን እንደማይሆን እመጣበታለሁ።

ዋናውን መጀመሪያ ልበለው። ኪኒኗ ሌቮታይሮክሲን ትባላለች፣ ካርቶኑ ላይ ዩታይሮክስ ወይ ኤልትሮክሲን ተብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ዕጢው ሲያመርተው የነበረውን ሆርሞን ነው የምትተካው። በራሷ ምንም አታስቸግርም፣ ትንሽዬ ናት፣ በቀን አንዴ ናት። የሚያስቸግረው ብቻዋን መዋጧ ነው። ብቻዋን ስል ያለ ቡና፣ ያለ ቁርስ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ካልሲየም፣ ያለ ጨጓራ መድኃኒት። እኛ ሀገር ደሞ ጠዋት ላይ ብቻውን ሆድ የሚገባ ነገር የት አለ። ዶዜ አልስተካከል ብሎ የተንገላታሁት ሁሉ መጨረሻ ላይ ሲታይ የዶዝ ጉዳይ አልነበረም፣ ኪኒኗ አጠገብ ምን እንደነበረ ነው ጉዳዩ።

የኔ እንቅርት ነበር። እናቴም ነበረባት፣ አክስቴም፣ ደጋ ላይ ለተወለደ ሰው ብርቅ አይደለም። ዝናቡ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል፣ አፈሩ ላይ ከሌለ እህሉም ላይ የለም፣ ዕጢው ደሞ አዮዲን ሲያጣ ያለችውን ለመያዝ ሲል እያበጠ ይሄዳል። ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት የሚል ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ እኔ ያኔ አንገቴ ያበጠ ትልቅ ሰው ነኝ። እንግዲህ እያደገ እያደገ ሄዶ ስውጥ ያንቀኝ ጀመር፣ በጀርባዬ መተኛት ተውኩ፣ በሁለቱም በኩል እባጭ ስላለው ሙሉ ለሙሉ መውጣት አለበት ተባለና እዚሁ ጎንደር ወጣልኝ። ባዮፕሲው ካንሰር የለውም ብሎ መጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ኦፕራሲዮኑ ብዙ አላወራም፣ እሱ እንደሚፈራው አይደለም፣ ድምፄ ለተወሰነ ጊዜ ሻካራ ሆኖ ተመለሰ፣ የድምፅ ነርቭ እዛው ዕጢው ጥግ ስለሚያልፍ ነው አሉኝ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል የኛ ሰው፣ የኔ ጆሮ ደግፍ ካልሲየም ሆነ። ከታይሮይዱ ጀርባ አራት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፣ ፓራታይሮይድ ይባላሉ፣ ሥራቸው ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መቆጣጠር ነው፣ ከታይሮይዱ ጋር ሌላ ዝምድና የላቸውም ስማቸው ብቻ ነው። ኦፕራሲዮን ላይ ሲነካኩ ወይ ደም ሲያጥራቸው ለጊዜው ሥራ ያቆማሉ። እኔን ገና ሆስፒታል እያለሁ ከንፈሬ ዙሪያ ይነዝረኝ ጀመር፣ ከዛ የጣቶቼ ጫፍ፣ ብርድ ነው ብዬ ዝም ልል ስል አጠገቤ የተኛችው ሴትዮ ናት "ለሲስተሯ ንገሪያት" ያለችኝ። ነገርኳት፣ ወዲያው ደም ተወሰደ፣ ካልሲየም በደም ሥር ሰጡኝ፣ መንዘሩ ለቀቀኝ። ስለዚ ሰርጀሪ ልትገቡ ያላችሁ ይቺን ያዙልኝ፤ ከንፈር ዙሪያ፣ የእጅና የእግር ጣት ላይ መንዘር፣ ጡንቻ መጨምደድ ካለ በዛው ሰዓት ነው የሚነገረው፣ ጠዋት ዶክተሩ ሲመጣ አይደለም። ቤት ከገባችሁ በኋላ ከመጣም እንደዛው፣ ጣት እየቆለፈ ወይ ትንፋሽ እየያዘ ከሆነ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ነው። እኔ መቀስ የያዘች እጄ ተቆልፋ አልከፈት ያለችበት ቀን አለ፣ ደንበኛዬ ነች በባጃጅ ያደረሰችኝ።

ለብዙ ሰው ይሄ በሳምንታት ወይ በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ ግን ቋሚ ይሆናል። የኔ ተመለሰ፣ ግን እስኪመለስ ካልሲየም እና ቫይታሚን ዲ እወስድ ነበር። እና አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን ማለት ነው። መድኃኒቱን ከገዛሁበት ቤት ሌቮታይሮክሲኑንም ካልሲየሙንም በአንድ ፌስታል አርገው ሁለቱም ላይ "ጠዋት" ብለው ጽፈው ሰጡኝ። እኔም የተጻፈውን ነው የማደርገው፣ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን አንድ ላይ። ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም አያሳልፈውም። ኪኒኑን እየዋጣችሁ እንዳልዋጣችሁ ማለት ነው። ሁለቱ መሀል 4 ሰዓት መኖር አለበት። ይሄን የነገረችኝ ሌላ ፋርማሲ ያለች ልጅ ናት፣ እሷም "ከምን ጋር ነው ምትወስጂው?" ብላ ስለጠየቀችኝ ብቻ ነው፣ እስከዛ ድረስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ቲኤስኤቼ አልወርድ ሲል ዶዝ ነበር የሚጨመረው።

ቲኤስኤች ምንድነው ለምትሉ፣ ወረቀቱ ላይ ስታዩት ተገላቢጦሽ ስለሆነ ያደናግራል። ከፍ ካለ ሆርሞናችሁ አንሷል፣ ዝቅ ካለ ሆርሞናችሁ በዝቷል። ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ናት የምትልከው፣ ልጇ አልሰማ ሲላት ድምጿን ከፍ እያረገች እንደምትጣራ እናት ናት፣ ሆርሞኑ በጠፋ ቁጥር ጩኸቷ ይጨምራል። ብዙ ላብራቶሪ ላይ ኖርማሉ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው፣ እንደ ማሽኑ ትንሽ ይለያያል፣ ወረቀቱ ላይ ከጎኑ ይጻፋል እዩት። የኔ ያኔ ከዛ በብዙ አልፎ ነበር።

ሆርሞን ሲያንስ ሰው ምን እንደሚሆን መጽሐፍ ላይ ድካም፣ ብርድ፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መርገፍ፣ ክብደት መጨመር ተብሎ ተዘርዝሯል፣ ልክ ነው፣ ሁሉም ነበረብኝ። ግን እሚጻፈውና እሚኖረው ይለያያል። የጎንደር ክረምት ለጤነኛውም ብርድ ነው፣ እኔ በጋ ላይ ጋቢ ደርቤ መኪናዬ ላይ እቀመጥ ነበር፣ የስፌት መኪናዬን ነው። መርፌ ክር ለማስገባት እቆያለሁ። የደንበኛ ልክ ወስጄ ወደ ደብተሩ ስዞር ቁጥሩ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ፊቴ አበጠ፣ ሰዎች "ወፈርሽ ተመቸሽ" ይሉኛል። አማቴ ደሞ "ይቺ ልጅ እንቅልፍ አበዛች" ትል ነበር፣ ክፋት የላትም ግን ስንፍና ነው የመሰላት፣ እኔም ራሴን እንደዛ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ከቤታችሁ ታይሮይዱ የወጣለት ሰው ካለና ድብርት ድብርት ካለው፣ ሥራ ከጠላ፣ እንቅልፍ ከበዛበት መጀመሪያ ደሙ ይታይ እስኪ፣ ጸባዩ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት።

ቡና። እዚ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከመቶ ጥያቄ ዘጠናው እዚ ነው። ቡና ኪኒኗ ወደ ደም እንዳትገባ ይቀንሳታል። ስኳርም ይኑረው አይኑረው፣ ቀጭንም ይሁን ወፍራም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ነው ክፍተቱ፣ ለቁርስም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይባላል፣ እኔ ሁሉንም አንድ ሰዓት አርጌ ተገላገልኩ። ሻይም ወተትም እዛው ውስጥ ነው፣ በወተት ኪኒን የሚውጥ ሰው አይቻለሁ ሆድ ያለሰልሳል ብሎ፣ ወተት ካልሲየም ነው እኮ። በውሃ ብቻ። እኛ ሰፈር ቡና የሚፈላው በማለዳ ነው፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ባል ወደ ሥራ ሊወጣ ይቸኩላል፣ "ነይ አቦሉ ሊቀዳ ነው" ስትባይ "ኪኒን ውጬ ነው ቆይ" ማለት መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ አንዷ ጎረቤቴማ ተኮራረፍን ወይ ብላ ባሌን ጠይቃዋለች። እኔ ያረግኩት አላርም በለሊቱ 11 ሰዓት ሞላሁ፣ ኪኒኗና ውሃው ራስጌዬ ናቸው፣ ነቅቼ እውጣታለሁ መልሼ እተኛለሁ፣ ቡናው በሚደርስበት ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎኛል። ማንንም ማስረዳት ቀረ።

ለሊት መንቃት የማይሆንለት ደሞ ማታ መውሰድ ይችላል፣ በጥናት የታየ ነው፣ ማታ የሚወስድ ሰው ውጤቱ ከጠዋቱ አያንስም። ግን ራት ከበሉ ቢያንስ 3 ሰዓት ማለፍ አለበት፣ እዚ ላይ ነው ለኛ ችግሩ፣ ራት በሁለት ተኩል በልቶ ሦስት ሰዓት ለሚተኛ ቤት አይሆንም። አዲስ ዓለም ሰፈር ያለች ደንበኛዬ፣ እሷም ወጥቶላታል፣ በረመዳን ነው ይሄን የምታረገው፣ አፍጥራ በልታ ቆይታ ከመተኛቷ በፊት ትወስዳለች፣ ከረመዳን ውጪ ወደ ጠዋቷ ትመለሳለች። ሐኪሟን ጠይቃ ነው።

ስለ ጾም ለሚጠይቁኝ፣ እውነቱን ለመናገር ለዚች ኪኒን ከሁዳዴ የሚመች ወቅት የለም፣ እስከ 9 ሰዓት ምን ይመጣባታል። በማለዳ በአንድ ጉንጭ ውሃ መውሰዱን የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ "መድኃኒት ነው ልጄ ውሰጂ" አሉኝ፣ እናንተም የራሳችሁን አባት ጠይቁ። የምቆርብ ቀን አልወስድም፣ ከቅዳሴ ስመለስ ነው የምውጣት ከዛ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ እበላለሁ። ይሄ ጉዳት የለውም ምክንያቱም ኪኒኗ ደም ውስጥ ቶሎ አትጠፋም፣ ግማሿ ለመውጣት አንድ ሳምንት አካባቢ ይፈጅባታል። በዚሁ ምክንያት አንድ ቀን ብትረሱም አትደንግጡ፣ በዛው ቀን ስታስታውሱ ባዶ ሆድ ጠብቃችሁ ውሰዱ። በተከታታይ መርሳት ግን ሌላ ነው።

ጠበል ደሞ ሌላው። ጠበል የሚገቡ ሰዎች "መድኃኒት አቁሚ እምነትሽ ሙሉ ይሁን" ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ጠበል እወዳለሁ፣ እጠመቃለሁም እጠጣለሁም፣ ኪኒኗን ግን አላቆምም። ይሄ ትኩሳት ወይ ራስ ምታት አይደለም፣ ሆርሞኑን የሚሠራው ዕጢ ራሱ ሰውነቴ ውስጥ የለም። ሱባኤ ይዞ ለሳምንታት ያቆመ ሰው መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፣ የሚለው ደም ውስጥ የተረፈው ስላለ ነው፣ ከዛ ቀስ እያለ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ልብ ምቱ ይዘገያል፣ እንቅልፍ ይጥላል፣ ግራ ይጋባል፣ ሚክሲዲማ ኮማ ይባላል መጨረሻው፣ ገዳይ ነው። ደህና ሆንኩ ብላችሁም አታቁሙ፣ ደህና የሆናችሁት በሷ ነው።

ጨጓራ። ጎንደር ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው ካለ ይምጣ። ኦሜፕራዞል የሆድ አሲድ ይቀንሳል፣ ኪኒኗ ደሞ ለመሟሟት አሲድ ትፈልጋለች፣ ስለዚ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ዶዙ ሊጨምር ይችላል። የሚታኘከውና ነጩ ፈሳሹ የጨጓራ መድኃኒት ደሞ እንደ ካልሲየሙ ነው የሚይዛት፣ 4 ሰዓት። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ራሱ ያልታከመ ከሆነ ያስቸግራል። ታዲያ ለታይሮይድ ቀጠሯችሁ ስትሄዱ የጨጓራችሁን ኪኒን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዶክተሩ ስለማይጠይቅ ሳይሆን እናንተ "ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?" ስትባሉ ጨጓራን እንደ መድኃኒት ስለማትቆጥሩት ነው፣ ሁላችንም እንደዛ ነን። ተልባም በማለዳ የምትጠጡ፣ ለድርቀቱ ጥሩ ነው፣ ግን አሰሩ ብዙ ስለሆነ ከኪኒኗ አርቁት፣ እኔ ወደ ማታ አዙሬዋለሁ።

ዶዝ ሲቀየር ውጤቱ ለምን ቶሎ አይታይም ለሚለው ያው ያ አንድ ሳምንት ያልኩት ነው። ግማሽ ለመውጣትም ለመግባትም ጊዜ ስለሚፈልግ ደሙ አዲሱ ልክ ላይ የሚረጋው በ6 ሳምንት አካባቢ ነው፣ ስለዚ ነው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ቲኤስኤች ስሩ የሚባለው። በሁለተኛው ሳምንት ሄዶ መሰራት ብር ማባከን ነው፣ የሚያሳየው ገና መንገድ ላይ ያለውን ነው። ከተስተካከለ በኋላ በ6 ወር፣ ከዛ በዓመት ይሆናል። ምርመራ የምሄድ ቀን ኪኒኗን ደም ከሰጠሁ በኋላ ነው የምወስዳት፣ ቲኤስኤቹ ላይ ብዙ ለውጥ ባያመጣም ፍሪ ቲፎር የሚባለው፣ ደም ውስጥ ያለውን ሆርሞን ራሱን የሚለካው፣ አብሮ ከታዘዘ በዋጣችሁ ሰዓታት ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል።

ፀጉር የሚረግፍባችሁ ደሞ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ገዝታችሁ እየወሰዳችሁ ከሆነ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሙት። በአንዳንድ ማሽን ላይ ውጤቱን ያሳስተዋል፣ ቲኤስኤች ሳይወርድ የወረደ ያስመስለዋል፣ ከዛ ሐኪሙ ዶዝ ይቀንሳል፣ ከዛ ፀጉሩ ይብስበታል። ፀጉሬ እኔን የተመለሰልኝ ቲኤስኤቹ ከተስተካከለ ከወራት በኋላ ነው፣ ያለ ባዮቲን።

አሁን ዶዝ ለምን አልነግራችሁም ወዳልኩት። ዕጢው ሙሉ ለሙሉ የወጣለት አዋቂ ሰው በግምት በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ነው የሚታሰብለት፣ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ወደ 100 አካባቢ ማለት ነው፣ ግን ይሄ መነሻ ነው። ዕድሜው ለገፋ ወይ ልብ ላለበት ሰው በ25 ተጀምሮ ቀስ ተብሎ ይወጣል። በከፊል ብቻ የወጣለት ሰው ቀሪው ዕጢ ስለሚሠራ ትንሽ ሊበቃው ይችላል፣ ጭራሽ ላያስፈልገውም ይችላል። በካንሰር ምክንያት የወጣለት ሰው ደሞ ሆን ተብሎ ከፍ ያለ ሊሰጠው ይችላል፣ ምክንያቱም ቲኤስኤች የቀረ የካንሰር ሴል ካለ ስለሚያነቃቃው ዝቅ እንዲል ይፈለጋል። ወረፋ ላይ ቁጭ ብለን "ያንቺ ስንት ነው የኔ ስንት ነው" ስንባባል እንውላለን፣ ከኔ ኋላ የነበረች ልጅ የኔን ስትሰማ የሷ በዛ ብላ ልትቀንሰው ነበር፣ የሷ ግን የካንሰር ነው።

ለመቅጠን ብላችሁ እንዳትጨምሩ። እውነት ነው ሲበዛ ያከሳል፣ ግን ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ላብ ያበዛል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲቆይ የልብ ምት ይዛባል አጥንትም ይሳሳል። ለልብስ ሰፊ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? ተዉት።

ምግብ ላይ ብዙ ወሬ አለ። "ጎመን እንዳትበዪ" ተብያለሁ። ጎመን የሚነካው ዕጢው አዮዲን እንዳይወስድ ነው፣ ዕጢው ሙሉ ለሙሉ ከወጣ ማንን ይነካል፣ ብሉት። "አዮዲን ያለው ጨው አብዢ ዕጢው ያቆጠቁጣል" የሚልም አለ፣ አያቆጠቁጥም፣ ጨው ሲበዛ የሚጨምረው ደም ግፊት ነው። ለልጆቻችሁ ግን አዮዲን ያለውን ጨው ግዙ፣ በክዳን ያዙት፣ ፀሐይ ላይ ወይ ምድጃ ጥግ አትተዉት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፣ አዮዲኑ በሙቀት ይበናል። እኔ ያሳለፍኩትን ልጆቼ እንዲያሳልፉ አልፈልግም፣ ለዛ ነው እዚ ላይ ጨቅጫቃ የሆንኩት።

እርግዝና። ይሄን ሴቶች በደንብ አንብቡት። ሲረገዝ የሆርሞኑ ፍላጎት ይጨምራል፣ ብዙ ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል፣ የሚጨምረውም ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የራሱን ሆርሞን በበቂ አይሠራም፣ አእምሮው የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። ስለዚ ከማርገዛችሁ በፊት ቲኤስኤቹን አስተካክሉ፣ የወር አበባ ሲቀር ለክትትል ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዛው ሳምንት ለሐኪማችሁ ንገሩ። እኔ ገና ሳላረግዝ ነው ዶክተሬን የጠየቅኳት፣ እሷም እንዳረገዝሽ ካወቅሽ በሳምንት ሁለት ኪኒን ጨምሪና ነይ ብላ አስቀድማ ነገረችኝ፣ ይሄ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ነው ግን በሐኪም ቃል ይሁን። ከዛ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ደም ሰጠሁ። ጤና ጣቢያ የሚሰጡት የብረት ኪኒን ደሞ ልክ እንደ ካልሲየሙ ነው፣ 4 ሰዓት ይራቅ፣ እኔ ማታ ነበር የምውጠው። ስወልድ ዶዙ ወደ ድሮው ተመለሰ፣ ከ6 ሳምንት በኋላ እንደገና ተመረመርኩ። ማጥባት ይቻላል። ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ነው፣ አስተማሪዎቹ ወሬ አበዛ ነው የሚሉት።

መድኃኒት ስለማግኘት። መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ካላችሁ ከሚያልቅባችሁ በፊት ቢያንስ የሁለት ወር ይዛችሁ ቆዩ፣ ለመፈለግ የመጨረሻው ብሊስተር እስኪጀመር አትጠብቁ። ካጣችሁት ለጥቂት ቀን አትሞቱም፣ ያ የአንድ ሳምንቱ ነገር ያስታርቃችኋል፣ ግን በዛ ተማምናችሁ ወር አታሳልፉ። ሌላ ካምፓኒ የሠራው ከመጣ ውሰዱት፣ ከባዶ ይሻላል፣ ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች አሰሩ ምክንያቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ትንሽ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ካርቶኑ ላይ ደሞ አንዳንዱ በማይክሮግራም አንዳንዱ በሚሊግራም ይጽፋል፣ 100 ማይክሮግራም እና 0.1 ሚሊግራም አንድ ናቸው፣ 50 ማለት 0.05 ነው። ባለ 100 ጠፍቶ ባለ 50 ከሰጧችሁ ሁለት ነው፣ ባለ 50 ጠፍቶ ባለ 100 ከሆነ ግማሽ፣ ይቺን ፋርማሲው ካርቶኑ ላይ እንዲጽፍላችሁ አርጉ በተለይ ለእናት ለአባት የምትገዙ ከሆነ። ከብሊስተሩ አውጥታችሁ ብልቃጥ ውስጥ አታጠራቅሙ፣ ብርሃንና እርጥበት አትወድም፣ ከ25 ዲግሪ በላይም አይስማማትም። ጎንደር ላይ ብዙ አያስቸግርም፣ ወደ መተማ ወደ ሁመራ የምትወርዱ ግን መኪና ዳሽቦርድ ላይ እንዳትተዋት።

ጠባሳውን የሚጠይቁኝ አሉ። ሲጠብ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከፀሐይ ሸፍኑት፣ ነጠላ አለን እኮ።

አሁን ቀጠሮ ላይ ያላችሁ፣ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ሙሉ ነው በከፊል የወጣልኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ ፓራታይሮይዶቹስ ተርፈዋል ወይ፣ ካልሲየሙን እስከ መቼ ነው የምወስደው፣ ማን ነው የሚያስቆመኝ፣ የባዮፕሲው ውጤት መቼ ይደርሳል የሚቀበለውስ ማን ነው፣ የመጀመሪያው ቲኤስኤች መቼ ይሠራ። ብዙ ሰው ባዮፕሲውን ሳይቀበል ወደ ገጠሩ ይመለሳል፣ ከዳባትም ከደባርቅም የመጡ እናቶች ከኔ ጋር ተኝተው ነበር፣ ለውጤት እንደገና መምጣት ትራንስፖርትም ጊዜም ነው። ቀጠሮውን ከቁስል ማሳያው ጋር አንድ ቀን እንዲያረጉላችሁ ለምኑ፣ ብዙ ጊዜ ያደርጉታል። ወረቀቱን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱና ለአንድ ቤተሰብ ደሞ ላኩት፣ ስልክ ይጠፋል፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ከተማ ሌላ ሐኪም ጋ ስትቀርቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት ለምን እንደወጣ ነው።